ያመጣችሁትን ያህል እጨምራለሁ

አዋላጇ ወደ ቤተ ክርስቲያናችን የመጣችው ባለፈው ዓመት፣ ዝናቡ ሊገባ ሁለት ወር ያህል ሲቀረው ነው። ጁባ ያለን ኢትዮጵያውያን አማኞች ካቶር ሰፈር የተከራየነው የቆርቆሮ አዳራሽ አለን። ጠዋት ጠዋት ሌላ ጉባኤ ስለሚጠቀምበት እኛ የምንገባው እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ በሚብስበት ሰዓት ነው። የዚያን ቀን ሰው ሁሉ በመዝሙር ወረቀት እያራገበ ተቀምጧል። ፓስተራችን ስብከቱን አሳጠረና አንዲት እንግዳ እንዳለችን ነገረን።

ደቡብ ሱዳናዊት ናት፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ያደገችው ኢትዮጵያ፣ ስደተኞች ካምፕ ውስጥ ነው፤ ሙያዋንም የተማረችው እዚያው። አማርኛዋ ከኔ ይሻላል። እኔ አሥራ አንድ ዓመት ጁባ ስኖር የራሴን አማርኛ ግማሹን በአረብኛ ቀላቅዬዋለሁ።

"ሎሎጎ ሰፈር ትንሽ ጤና ጣቢያ አለችን" አለች። "እናዋልዳለን። ከአቅማችን በላይ የሆነውን ግን ወደ ትልቁ ሆስፒታል መላክ አለብን፤ የምንልክበት የለንም። ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ምጥ ጠንቶባት በቦዳ ቦዳ ሞተር ይዣት ወጣሁ። ነጂው ከፊት፣ እሷ መሀል፣ እኔ ከኋላ ደግፌያት። ጭቃው ላይ ሞተሩ ተንሸራቶ ወደቅን። እዚያው መንገድ ዳር፣ ሴቶች ልብሳቸውን አንጥፈውላት ወለደች። ሁለቱም ተርፈዋል። ዘንድሮ ግን እንደዚያ ያለ ዕድል ላይ መተማመን አልፈልግም።"

የፈለገችው አምቡላንስ አልነበረም። ሲሚንቶና አሸዋ የሚያመላልሱት ባለ ሦስት ጎማ ሞተር አለ፣ ከኋላው ጭነት መያዣ ያለው። እሱን ገዝታ አልጋና ጣሪያ ልታሠራለት ነው ሐሳቧ። ተናግራ ስትጨርስ ፓስተራችን "ጌታ ይባርክሽ፣ እናስብበታለን" አሏት። እኛ ቤት "እናስብበታለን" ከተባለ ነገሩ አለቀ ማለት ነው።

ያኔ ተነሣሁ። እኔ በያጅ ነኝ፤ በር፣ መስኮት፣ የሮቶ መቆሚያ እሠራለሁ። በጉባኤ ፊት ተነሥቼ ተናግሬ አላውቅም። "ከዛሬ ጀምሮ እስከ አራት ሳምንት ድረስ እናንተ ያመጣችሁትን ያህል እኔ እጨምራለሁ" አልኩ። "አንድ ብትሰጡ ሁለት ይሆናል።"

አዳራሹ በጭብጨባና በእልልታ ተሞላ። ጭብጨባው ደስ አላለኝም ብል ውሸት ነው።

ሐሳቡን ያመጣሁት ከራሴ አይደለም። ከዚያ ሁለት ሳምንት በፊት የአንድ እርዳታ ድርጅት ግቢ ውስጥ የመስኮት ፍርግርግ ስገጥም ከቢሮው ሠራተኛ ጋር ወሬ ጀምረን ነበር። ውጭ አገር ገንዘብ ሲሰበስቡ አንድ ሀብታም ይነሣና "ሕዝቡ የሰጠውን ያህል እኔም እሰጣለሁ" ይላል፤ ሕዝቡም የሰጠው እጥፍ ስለሚሆንለት እጁ ይፈታል፤ "ማቺንግ እንለዋለን" ብሎ አጫወተኝ። ነገሩ ጭንቅላቴ ውስጥ ቀረ። ሰውዬው ያልነገረኝ፣ ወይም ነግሮኝ በግራይንደር ጩኸት ያልሰማሁት ነገር እንዳለ የገባኝ ግን ቤት ስደርስ ነው።

የወርክሾፑን ገንዘብ የምትይዘው ባለቤቴ ናት። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን በሩን ከፍተን ስንገባ፣ "ስንት ድረስ?" አለችኝ።

"ምኑ ስንት ድረስ?"

"ያመጡትን ያህል ስትል፣ ስንት ድረስ? ሺህ ቢያመጡስ?"

"ሰዎቻችንን አታውቂያቸውም እንዴ? ሦስት መቶ ዶላር ከሞላ ትልቅ ነገር ነው።"

"እነሱን ተዋቸው። እኔ የማውቀው ያለንን ነው፤ ስድስት መቶ። እሷም ለማሽኑ ነው የተቀመጠችው።"

ማሽኑ አዲስ የብየዳ ማሽን ነው። አሮጌው እየሞቀ ይቆምብኝ ስለነበር ዓመት ሙሉ ያጠራቀምንለት ነበር። ሦስት መቶውን ብሰጥ ሦስት መቶ ይተርፈኛል፣ ማሽኑን ከዓመት በኋላ እገዛለሁ ብዬ አስልቼ ነው የተነሣሁት። ልግስናዬ ከነሒሳቡ ነበር።

ገንዘቡን የሚቀበሉት በአንድ ኩባንያ የሒሳብ ሠራተኛ የነበሩ ሽማግሌያችን ናቸው። የጁባ ፓውንድ ዛሬ የያዘውን ዋጋ ነገ ስለማይዝ በየእሁዱ ወደ ዶላር እየለወጡ፣ ስንት እንደደረሰ ከማስታወቂያው ጋር ያነቡልናል። የመጀመሪያው እሁድ ሁለት መቶ ገደማ አነበቡ። ባለቤቴን በክርኔ ነካ አደረግኳት። ዞራ አላየችኝም።

በሁለተኛው ሳምንት ነገሩ ከአዳራሹ ወጣ። ከወርክሾፔ ፊት ለፊት፣ ኒም ዛፍ ሥር ሻይ የምትሸጥ የአገሬ ልጅ አለች። ከኛው ጋር ነው የምታመልከው፤ ለልዩ መባ ግን እጇን ስትዘረጋ አይቼ አላውቅም። አልፈርድባትም፤ ቤተሰቧ አገር ቤት የሷን እጅ ነው የሚያየው። አንድ ጠዋት ሻይ ቀድታልኝ አጠገቤ ቆመች።

"ጋሼ፣ እውነት እጥፍ ያደርጉታል?"

"አደርጋለሁ።"

"የሁለት ቀን ትርፌን ብሰጥ የአራት ቀን ይሆናል ማለት ነው?"

"ልክ ነሽ።"

"እስከ ዛሬ ያልሰጠሁት ምን አስቤ እንደሆነ ያውቃሉ? የኔ ሳንቲም ምን ትሠራለች እያልኩ ነው። አሁን ግን ብቻዋን አይደለችም።" ሳቀችና ወደ ምድጃዋ ተመለሰች።

የሁለት ቀኗን ሰጠች። አንድ ባዶ የስኳር ቆርቆሮ ክዳኑን በስታ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠችና ለሻይ የሚቀመጠውን ሁሉ በአረብኛ ታግባባ ጀመር። ቦዳ ቦዳ ነጂዎች፣ ውሃ የሚሸጡ፣ የአካባቢው ወጣቶች፣ "ያ በያጅ እጥፍ ያደርገዋል" ስትላቸው ወደኔ ዞር ብለው እያዩ ይሳሳቃሉ፤ ከዚያ የተጨማደደ ፓውንዳቸውን ይከቱታል። አንዱ ነጂ እንዲያውም መጥቶ ትከሻዬን መታ አደረገኝ። "እናቴ የምትኖረው ሎሎጎ ነው። ጉሩሽህን፣ ገንዘብህን አዘጋጅ፣ እኛ እንጨርስሃለን!"

ኢትዮጵያ በስደት አድገው የተመለሱት ደቡብ ሱዳናውያንም ሰሙ። "ጁባ ና ባሪ" በሚባለው ሰፈር በአማርኛም በኑዌርኛም የሚዘምሩበት ኅብረት አላቸው። አዋላጇን ከካምፕ ጀምሮ የሚያውቋት ስላሉ አንድ ቅዳሜ የዝማሬ ፕሮግራም አዘጋጅተው የተሰበሰበውን በፖስታ አምጥተው ለሽማግሌው አስረከቡ። በሦስተኛው እሁድ ሽማግሌው መነጽራቸውን አስተካክለው "ሰባት መቶ አርባ" ሲሉ ጉባኤው በሃሌሉያ ተነሣ። እኔም ተነሣሁ። ካለኝ ግን በመቶ አርባ በልጧል።

ሰኞ ዕለት የእንግዳ ማረፊያ ያለው ወዳጄ ወደ ወርክሾፑ መጣ። በኛ ሰዎች መካከል ደህና ገንዘብ አለው ከሚባሉት ነው፤ እስከዚያ ቀን ምንም አልሰጠም።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ" አለኝ። "እኔ ባልሰጥ ያንተ ያንን የሚያክለው ገንዘብ ይቀራል? ወይስ አንተ ለማንኛውም ልትሰጥ ወስነህ እኛን ለማነሣሣት ነው?"

ቀና ብዬ አየሁት። "ይቀራል" አልኩት። "እናንተ ካልሰጣችሁ እኔም አልሰጥም።"

"በቃ፣ እሱን ነበር የፈለግሁት" አለና ሁለት መቶ ዶላር እንደሚሰጥ ነግሮኝ ሄደ።

ከሄደ በኋላ ብየዳው አልሆነልኝም። እውነቱን ነግሬዋለሁ፤ እውነቱ ግን አሳፈረኝ። ሰው ባይሰጥ ኖሮ ገንዘቤ ስለተረፈልኝ ውስጤ ደስ ይለው ነበር። አሁን ደግሞ ሰው ሲሰጥ የምደነግጥ ሰው ሆኛለሁ። አንዲት ምስኪን ሻይ ሻጭ በሰጠች ቁጥር ዕዳዬን እቆጥራለሁ።

በማግስቱ ቦዳ ቦዳ ተሳፍሬ ሎሎጎ ሄድኩ። ጤና ጣቢያዋ ሁለት ክፍልና አንድ በረንዳ ናት። በረንዳው ላይ እርጉዞች ተራ ይጠብቃሉ፤ አዋላጇ የአንዷን ደም ግፊት እየለካች ነበር። ከወንድ እኔ ብቻ ሆኜ ባዶ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። አንዲት አሮጊት "ሚስትህ ወዴት አለች?" ብለው በአረብኛ ጠየቁኝ።

ተራዬ ሲደርስ ገብቼ ሁሉንም ነገርኳት። ያለኝ ስድስት መቶ ብቻ እንደሆነ፣ ለምን እንደነበረ፣ ሦስት መቶ ይሞላል ብዬ እንደተነሣሁ፣ ወዳጄ የጠየቀኝን፣ ያሰብኩትንም ጭምር።

ሳትስቅብኝ ሰማችኝ። ወደ ጁባ እንደተመለሰች ጤና ጣቢያው ሳይከፈት በፊት አንድ የውጭ ድርጅት ቢሮ ሦስት ዓመት ሠርታ ነበር።

"እዚያ እያለሁ ለሰጪዎች የሚላከውን ደብዳቤ አነብ ነበር" አለችኝ። "'እስከ ወሩ መጨረሻ የሰጡት ሁሉ እጥፍ ይሆናል፣ እስከዚህ መጠን ድረስ' ይላል። ሁልጊዜ ቀንና ጣሪያ አለው። ባለ ገንዘቡ ከዚያ በላይ አይጠየቅም፣ ሰጪውም የሚጠብቀውን ያውቃል። ቀኑን እርስዎ ተናግረዋል፤ ጣሪያውን ነው የረሱት።"

"እሱስ አሁን ገብቶኛል፣ ሲስተር።"

"አንድ ጊዜ ደግሞ አለቃዬን 'ሕዝቡ ካልሞላውስ?' ብዬ ጠየቅኩት። 'ምንም አይደለም፣ የእጥፉ ገንዘብ ቀድሞ እጃችን ገብቷል' አለኝ። ሰው ቢሰጥም ባይሰጥም ገንዘቡ የኛ ነበር ማለት ነው። እንቅልፍ ነሣኝ። ደብዳቤውን አንብበው የሰጡትን ሰዎች ነው ያሰብኩት። እነሱ በኛ ምክንያት መጣ ያሉት ገንዘብ በነሱ ምክንያት አልመጣም።" የደም ግፊት መለኪያውን ጠቅልላ አስቀመጠች። "እርስዎ ያፈሩበት ነገር እኮ ቃሉን እውነተኛ የሚያደርገው ነው። ካልሰጡ አልሰጥም ብለዋል፤ እንዳሉትም ነው። ማንንም አላታለሉም።"

"ታዲያ አሁን ምን ላድርግ? እስከ ስድስት መቶ ብቻ ተቀብለሽ ማሪኝ።"

ራሷን ነቀነቀች። "ቃሉን የሰጡት ለኔ ብቻ ቢሆን ደስ እያለኝ እምርዎት ነበር። ለሰጡት ሰዎች ነው የተናገሩት። እኔ በነሱ ቦታ ሆኜ ልምርዎት አልችልም። ሄደው ይንገሯቸው።"

"ጉልበቴስ? ጣሪያውንና አልጋውን እኔ ብሠራው እንደ ገንዘብ አይቆጠርም?"

"እሱንም እነሱን ይጠይቋቸው" አለችና የሚቀጥለዋን እናት ጠራች።

አራተኛው እሁድ ሽማግሌው ያነበቡት አንድ ሺህ አንድ መቶ ዶላር ነበር። እልልታው እስኪበርድ ጠበቅኩና ወጣሁ። መነገር ያለበትን በአጭሩ ተናገርኩ። "ስድስት መቶ ነው ያለኝ፤ ዛሬ ይዤ መጥቻለሁ። አምስት መቶ ይጎድለኛል። ጣሪያ ሳላበጅ ነው ቃል የገባሁት፤ ይህን ያህል ትሰጣላችሁ ብዬ አልገመትኩም። ከሞተሩ ላይ የሚሠራውን ሁሉ በራሴ ብረትና በራሴ ጉልበት ልሥራላችሁ። ይህን የማይቀበል ካለ፣ የሰጠውን መልሶ የመውሰድ መብት አለው።"

የቆርቆሮው ጣሪያ በሙቀት ሲንጣጣ ይሰማል። መጀመሪያ የተነሣችው ሻይ ሻጯ ናት።

"እኔ መልሼ አልወስድም" አለች። "ግን ልጠይቅ ጋሼ፣ ሥራው አምስት መቶ ያወጣል ያለው ማን ነው?"

"እኔ ነኝ" አልኩ።

"እርስዎማ ባለ ጉዳይ ነዎት።"

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ክፋት አልነበረበትም። ሽማግሌው ብድግ አሉ። "ልጅቷ ልክ ናት። ሥራ እንደ ገንዘብ ከተቆጠረ ዋጋውን ሌላ ሰው ይተምነው። ከሁለት ወርክሾፕ ዋጋ እናመጣለን፤ የተባለውን ያህል እንይዝልሃለን። የቀረውን በጊዜ ትከፍላለህ።" ጉባኤው አሜን አለ። አንድም ሰው ገንዘቡን አልጠየቀም።

ዋጋ ከጠየቁባቸው አንዱ ከኔ ወርክሾፕ ሦስት በር አልፎ ያለው ኡጋንዳዊ በያጅ ነው። ለዓመታት ደንበኛ ስንነጣጠቅ የኖርን ሰዎች ነን። ቱቦላሬውን፣ ላሜራውን፣ ሸራውን፣ የቀን ሥራውን ቆጥሮ ሦስት መቶ ሃያ ዶላር አላቸው። ሁለተኛውም ከዚያ ብዙ አልራቀም። ሽማግሌው ሦስት መቶ ሃያውን ያዙልኝ። መቶ ሰማንያ ቀረብኝ ማለት ነው። መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። ኋላ ባለቤቴ "አንተስ ለሌላ ሰው ብትተምን አምስት መቶ ትል ነበር?" አለችኝና ተውኩት።

ሽማግሌው ከነጋዴው ጋር ግማሽ ቀን ተከራክረው ሞተሩን በያዝነው ገንዘብ ገዙልን። ወርክሾፔ ደጅ ሲቆም የሰፈሩ ሰው ዙሪያውን ከበበው። ሥራው ዘጠኝ ቀን ፈጀብኝ። አሮጌው ማሽን እየሞቀ ስለሚቆም አንድ መስመር በይጄ እስኪበርድ እጠብቃለሁ። በሦስተኛው ቀን ኡጋንዳዊው መጥቶ ሲያየኝ ቆየና ሄደ። ተመልሶ ሲመጣ የራሱን ማሽን በጋሪ እየገፋ ነበር። "እስክትጨርስ ተጠቀምበት" አለኝ። "ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም።"

አዋላጇ በየሁለት ቀኑ ከሥራ ስትወጣ እየመጣች ታየዋለች። የማትለውጠው ነገር የለም። አልጋው ከፍ ማለት አለበት አለች፤ አስታማሚ የሚቀመጥበት አግዳሚ ጎን ለጎን ይሁን አለች። አንድ ቀን ባለቤቴን አልጋው ላይ አስተኛቻትና "እስቲ ምጥ ላይ ነሽ እንበል፣ ምን ትይዣለሽ?" አለቻት። ባለቤቴ ሦስት የወለደች ሴት ናት። እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ ባዶ አየር ጨበጠች። "እዚህ ጋ!" አለች። ከራስጌው በላይ፣ እጆቿ በነበሩበት ቦታ፣ የሚጨበጥ ብረት በየድኩና እንዳይሻክር ጎማ ጠቀለልኩበት።

ሙከራውን ያደረግነው በሎሎጎ መንገድ ነው። እኔ አልጋው ላይ ተጋደምኩ፤ አዋላጇ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ስንደርስ ዘልዬ ጣሪያውን በግንባሬ መታሁት። "ይህ ለእናት አይሆንም" አለች፣ ኮስተር ብላ። ተመልሰን ባሌስትራውን ቀየርኩ፤ ከአልጋው ሥርም ጎማ አስገባሁ። በሁለተኛው ሙከራ እኔ ነጂው አጠገብ ሆንኩ፣ ባለቤቴ ተኛች። ደርሰን ስንመለስ "ለእኔም ይህ በነበረኝ" ስትል ሰማኋት። ሥራዬን ያን ያህል ሰው አመስግኖልኝ አያውቅም።

ዝናቡ ገብቶ ሁለት ሳምንት እንዳለፈው አዋላጇ ረፋድ ላይ ደወለችልኝ። የምትጮኸው ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ስለነበር ነው። "ሆስፒታል ደርሰናል!" አለችኝ። "ጭቃው ውስጥ ገባን፣ ወጣን፤ አልወደቅንም። ሐኪሞቹ ተቀብለዋታል።" ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሴት ልጅ እንደተወለደች ነገረችኝ። ስልኩን ዘግቼ ወደ ኒሙ ዛፍ ተሻገርኩና ለሻይ ሻጯ ነገርኳት። እጆቿን ወደ ላይ አንሥታ ጌታን አመሰገነች። ከዚያ አግዳሚው ላይ ለተቀመጡት ነጂዎች በአረብኛ ደግማ ነገረቻቸው፤ እነሱም ስኒያቸውን እያነሡ ጮኹ። ሁላቸውም የሰጡ ናቸው። ዜናው የኔን ያህል የነሱም ነበር።

መቶ ሰማንያውን በሁለት ወር ተኩል ጨረስኩ፤ ታርጋ ወጣበት፣ የመጀመሪያው ነዳጅም ተገዛበት። የብየዳ ማሽኑን ገና አልገዛሁም። ኡጋንዳዊው ትልቅ ሥራ ሲይዘኝ የራሱን ያውሰኛል፤ እኔም እሱ የማይችለውን ፍርግርግ እሠራለታለሁ። ደንበኛ መነጣጠቁን ጨርሶ ትተናል ማለት ግን አይደለም።

ዘንድሮ ደግሞ የከበደው ነዳጁ ነው። ባለፈው ወር የእንግዳ ማረፊያ ያለው ወዳጄ በጉባኤው ፊት ተነሣ። ከኪሱ ወረቀት አወጣና ማንበብ ጀመረ፦ እስከሚቀጥለው ወር ሁለተኛ እሁድ ድረስ፣ እስከ አራት መቶ ዶላር፣ ለነዳጅ ብቻ፣ እናንተ የሰጣችሁትን ያህል እጨምራለሁ፤ ካልሞላ ያልሞላው አይጨመርም። "አራት መቶ" ሲል ቀና ብሎ ወደኔ አየ፤ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ።

ቀኑ ሊደርስ አምስት ቀን ቀርቶታል። ትናንት ሽማግሌውን ስጠይቃቸው ሰባ ዶላር ብቻ እንደጎደለ ነገሩኝ። አሁን ይህን ስጽፍ ሻይ ሻጯ አንድ ሲሚንቶ የጫነ መኪና ሾፌር አስቁማ መስኮቱ ሥር ቆማለች። ሻዩን ይዛ ነው የሄደችው፤ አልሰጠችውም ገና። በአንድ እጇ ስኒውን፣ በሌላው ወደ ሎሎጎ የሚወስደውን መንገድ እያሳየች ታስረዳዋለች። ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ያዳምጣል።